በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ከፓይተን ሲጠራ ትርጉም የለሽ ቁጥር ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ይቋረጣል

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ። በመንዝ ገብስና ባቄላ ላይ የሚደርሰውን የውርጭ ጉዳት ለመገመት የምንጠቀምበት፣ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ኮምፓይል የተደረገ ላይብረሪ አለን። የምንጭ ኮዱ በእጃችን ባይኖርም ሄደር ፋይሉ (የፈንክሽኖቹን መግለጫ የያዘው ፋይል) አለ። ላይብረሪውን በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ በፓይተኑ ሲታይፕስ (ctypes፣ የሲ ላይብረሪን ከፓይተን ለመጥራት የሚያገለግል ሞጁል) ከፍቼ ሁለት ፈንክሽኖችን ጠራሁ። አንደኛው የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀቶችን አሬይና ብዛታቸውን ተቀብሎ አማካዩን በዳብል (ባለ ነጥብ ቁጥር) ይመልሳል፤ ሁለተኛው የጣቢያ ቁጥር ተቀብሎ የጣቢያውን ስም ይመልሳል። ለ3.0፣ ለ1.5 እና ለ0.0 ዲግሪ አማካዩ 1.5 መሆን ሲገባው ምንም የማይገናኝ ሙሉ ቁጥር ይመጣል። ስሙን ለማንበብ ስሞክር ደግሞ ፕሮግራሙ በሴግሜንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ በመንካት በሚመጣ ስህተት) ይቋረጣል። ሁለቱም ከሲ ፕሮግራም ሲጠሩ በትክክል ይሠራሉ። እባካችሁ ምክንያቱን አስረዱኝ።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)

ላይብረሪዎ ጤነኛ ነው። ኮምፓይል የተደረገው ፋይል የፈንክሽኖቹን ስም እንጂ ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚቀበሉና እንደሚመልሱ አይናገርም፤ ሲታይፕስም ሄደር ፋይሉን አያነብም። ስለዚህ እርስዎ ካልነገሩት በቀር እያንዳንዱ ፈንክሽን ኢንት (32 ቢት ሙሉ ቁጥር) እንደሚመልስ አድርጎ ይወስደዋል። በተለመዱት 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ዳብል የሚመለሰው ለነጥብ ቁጥሮች በተለየ ሬጂስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማከማቻ) ሲሆን፣ ሲታይፕስ ግን የኢንቱን ሬጂስተር ያያል፤ ያገኙት ቁጥር እዚያ ተርፎ የነበረ ነገር ነው። የስሙም ችግር ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ፖይንተሩ (ስሙ ያለበት የሜሞሪ አድራሻ) 64 ቢት ሆኖ ሳለ እንደ ኢንት ሲነበብ 32 ቢቱ ብቻ ይቀራል፤ በተቆረጠው አድራሻ ሜሞሪ ለማንበብ ሲሞከር ፕሮግራሙ ይወድቃል።

መፍትሔው ፈንክሽኑን ከመጥራትዎ በፊት የሚመልሰውን ዓይነት በሬስታይፕ (restype)፣ የሚቀበላቸውን ደግሞ በአርግታይፕስ (argtypes) ማሳወቅ ነው። ለአማካዩ ሬስታይፕን ሲ ዳብል (c_double) ያድርጉት። አርግታይፕስን መጻፍ አሰልቺ ቢመስልም አይዝለሉት፤ የተሳሳተ ዋጋ ሲሰጡ ሜሞሪ ከመበላሸቱ በፊት ፓይተን ራሱ የት ላይ እንደተሳሳቱ ይነግርዎታል።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የስሙን ሬስታይፕ ሲ ቻር ፒ (c_char_p) ካደረጉት ሲታይፕስ ወዲያው ወደ ባይትስ ይለውጥልዎታል፤ ለንባብ ምቹ ነው፤ ዋናው ፖይንተር ግን ከእጅዎ ይወጣል። ሄደር ፋይሉ ስሙን የተቀበለው ወገን በላይብረሪው የማስለቀቂያ ፈንክሽን ሜሞሪውን እንዲያስለቅቅ የሚያዝ ከሆነ፣ ሬስታይፕን ሲ ቮይድ ፒ (c_void_p) አድርገው ፖይንተሩን ይያዙ፤ ስሙን ቅጂ ካደረጉ በኋላ ያንኑ ፖይንተር ለማስለቀቂያው ይስጡ። የማስለቀቂያውንም አርግታይፕስ ሲ ቮይድ ፒ ማለትዎን አይርሱ፤ አለበለዚያ አድራሻው በመመለሻው መንገድ ይቆረጣል።

መልስ (ከደብረ ሲና)

ፈንክሽኖቹ ብዙ ከሆኑ እኔ ሲኤፍኤፍአይን (cffi፣ ለተመሳሳይ ሥራ የሚውል ሌላ የፓይተን ላይብረሪ) እመርጣለሁ፤ የሄደር ፋይሉን መግለጫዎች ከሞላ ጎደል እንዳሉ ስለሚቀበል ዓይነቶችን አንድ በአንድ በእጅ ከመጻፍ ያድናል። ለሁለት ፈንክሽን ግን ሲታይፕስ ይበቃል፤ ከ2.5 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ዳግመኛ ቢወድቅ ፎልትሃንድለር (faulthandler) የተባለውን የፓይተን ሞጁል ያብሩት፤ የትኛው የፓይተን መስመር ላይ እንደወደቀ ያሳያል።

ጠያቂው እንደገና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አማካዩ 1.5 ሆኖ መጣ፤ ስሞቹም ያለ ችግር ይነበባሉ። አንድ ነገር ቀረ። አዲስ ጣቢያ የሚመዘግበው ፈንክሽን ስምና የስሙን ርዝመት ይቀበላል። «ደብረ ብርሃን»ን ወደ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8፣ ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) ለውጬ ርዝመቱን 8 ብዬ ሰጠሁት፤ መልሼ ሳነበው ግን የዩኒኮድ ስህተት ይሰጣል።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)

8 የፊደላቱና የክፍት ቦታው ቁጥር ነው፤ ላይብረሪው የሚቆጥረው ግን ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ 22 ባይት ይሆናል። በ8 ባይት ሲገታ «ደ» እና «ብ» ሙሉ ሆነው ይገቡና «ረ» ከመካከል ይቆረጣል፤ ስህተቱን የሚያመጣው ያ የተቆረጠ ፊደል ነው። ርዝመቱን ከተለወጠው ባይትስ ላይ ይቁጠሩ። ሄደር ፋይሉ ለስም የመደበውንም ስፋት ይመልከቱ፤ 32 ባይት ከሆነ ከመዝጊያው ዜሮ ጋር የሚችለው 10 ፊደል ብቻ ነው።