ላክቴቱ አልወርድ አለኝ፤ ፍሉይድ ልጨምር ወይስ ላቁም?

የሌሊት ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) መሥራት ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነው። ማታ አንድ የ58 ዓመት አባት በሴፕቲክ ሾክ (ኢንፌክሽን የደም ግፊታቸውን ጥሎት) ገቡ። ስኳር አለባቸው፣ ሦስት ቀን ሲያተኩሳቸው ሰንብቷል፣ ሽንታቸው ደፍርሷል። ከልቸር (ጀርሙን ለመለየት የሚላክ ናሙና) ወስጄ አንቲባዮቲኩን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀመርኩ። 70 ኪሎ ስለሆኑ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር አስቤ 2,100 ሚሊ ሊትር ፍሉይድ (በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ) ሰጠሁ፣ ፕረዠሩ አልነሳ ሲል የደም ግፊት የሚያነሳውን ኖርአድሬናሊን ከፈትኩ። አሁን ሚን ፕረዠራቸው (አማካይ የደም ግፊታቸው) 67 ነው። ላክቴቱ (ደም ለሰውነት በደንብ ሳይዳረስ ሲቀር ደም ውስጥ የሚጨምረው ነገር) ግን 4.8 ነበር፣ ከስድስት ሰዓት በኋላም 4.3 ነው። "ትንሽ ልጨምር፣ ትንሽ ልጨምር" እያልኩ 4 ሊትር ደርሻለሁ። ትንፋሻቸው ሲር ሲር ስለሚል የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል በኔቡላይዘር (በሚተነፈስ ጉም መልክ) በየአራት ሰዓቱ ይወስዳሉ። ሽንታቸው በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቅድም 3 ሊትር ኦክስጅን ይበቃቸው ነበር፣ አሁን 8 ላይ ነን። እሱ ነው ያስፈራኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

አሮጌው ሐኪም፦
ዶክተር፣ ኦክስጅኑ ከ3 ወደ 8 መውጣቱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ውሃው ሳንባቸው ላይ እየወጣ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ በደንብ እስክትመረምሪያቸው አቁሚ። ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅም ከብሮንካይ (ከአየር ቧንቧዎቹ) መጥበብ ሳይሆን ከዚያው ከውሃው ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ አልጋቸው ሂጂና የሌባ ጣታቸውን ጫፍ እስኪነጣ ድረስ 10 ሰከንድ ተጫኚው። ልቀቂውና ቁጠሪ። ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ደሙ ዳር ድረስ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ጉልበታቸውንም ግለጪና እዪ፤ ቆዳው እንደ እብነ በረድ ተዥጎርጉሮ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። በ2019 የወጣው አንድሮሜዳ ሾክ የሚባለው ጥናት ይህንን የጣት ምርመራ ላክቴትን እየተከታተሉ ከማከም ጋር አወዳድሮ ነበር። በሞት ቁጥር ላይ አስተማማኝ ልዩነት ባይገኝም ጣት እየታየላቸው የታከሙት የባሰ ነገር አልገጠማቸውም፣ ፍሉይድም ያነሰ ነው የወሰዱት። እኔ ከዚያ ወዲህ ላክቴት ብቻውን ከፍ ስላለ ሊትር ጨምሬ አላውቅም።

ላክቴት ደግሞ ደም ስላነሰ ብቻ አይወጣም። ሳልቡታሞል ራሱ ያወጣዋል፣ አድሬናሊንም እንደዚያው። ጉበት ከደከመ አይጸዳም። ስኳር አለባቸው ብለሻል፤ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ይወስዱ እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቂልኝ፣ እሱም ላክቴት ሊያወጣ ይችላል።

የአይሲዩ ነርስ፦
ዶክተርዬ፣ እኔ የምጨምረው እግር ስለማንሳት ነው። ፍሉይድ ይጠቅማቸው እንደሆነ ለማወቅ እግራቸውን በእጅ ብድግ አድርገው የሚያዩ ብዙ ናቸው፣ እንደዚያ አይሠራም። መጀመሪያ አልጋው ራስጌው 45 ዲግሪ ቀና ይበል፣ ከዚያ በሞተሩ ራስጌውን አውርደሽ ግርጌውን አንሺው፤ የእግራቸው ደም ወደ ልብ ሲመለስ ለጊዜው ፍሉይድ እንደመስጠት ነው። ሰውየው ካመማቸው ወይም ከደነገጡ ልብ ምታቸው ይጨምርና ያሳስትሻል። የሚታየው በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው፤ ፕረዠሩን ሳይሆን ልብ የምትገፋውን ደም በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እዪው። ካልጨመረ ተጨማሪ ሊትር አይረዳቸውም። ጥሩነቱ፣ እግሩን መልሰሽ ስታወርጂው የሰጠሽው ነገር የለም።

ሌላው፣ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) መታጠፉን ወይም መደፈኑን አይታችኋል? ስንት ጊዜ ነው "ኩላሊቱ ቆመ" ተብሎ ሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ከታዘዘ በኋላ ቱቦው በታፋ ስር ተጣጥፎ ያገኘሁት።

ማታ ማታ፦
ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን የኢንፌክሽኑ ምንጭስ? የደፈረሰ ሽንት፣ ትኩሳት፣ ስኳር፣ ስድስት ሰዓት ታክመው የማይሻላቸው ሰው። አልትራሳውንድ ኩላሊታቸው ላይ ተደርጓል? ጠጠር መንገዱን ዘግቶት መግል ከኋላው ከተጠራቀመ ጥሩ የተባለ አንቲባዮቲክ ብትሰጪም ብቻውን አይበቃም፣ መግሉ መውጣት አለበት። ይህ እስኪነጋ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ሲኒየርሽን አሁኑኑ ቀስቅሺው፣ ቢቆጣም ይቆጣ።

የሌሊት ተረኛ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጣታቸው 5 ሰከንድ ፈጀ። እግራቸውን አንስተን በኤኮ ስናይ ምንም ለውጥ የለም፣ ፍሉይዱን አቆምኩ። ካቴተሩ ደህና ነበር። አልትራሳውንድ ሳደርግ የቀኝ ኩላሊታቸው ተነፍቷል! ሲኒየሬን ደወልኩለት፣ አልተቆጣም፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ መጣ። በጀርባቸው በኩል ቱቦ ገባላቸውና መጀመሪያ የወጣው ወፍራም ቢጫ መግል ነበር፣ እሱንም ለከልቸር ላክነው። ሜትፎርሚን ይወስዱ ነበር፤ አስቁሜዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ቱቦው ከገባ አምስት ሰዓት አልፎ ነው። ኖርአድሬናሊኑ በግማሽ ወርዷል፣ ጣታቸው 2 ሰከንድ ሆኗል፣ ላክቴቱ 2.6 ነው። ኦክስጅኑ ገና 6 ሊትር ላይ ስለሆነ ልጃቸው በር ላይ "ዳኑልኝ?" ስትለኝ አዎ ማለት አልቻልኩም። ከሌሊቱ ይሻላሉ አልኳት።