«አንቺ ድሮም አትረቢም» የሚለኝን ድምፅ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሒሳብ ስዘጋ 700 ብር ጎደለብኝ። ከኪሴ ተካሁና ጉዳዩ እዚያው አለቀ። እኔ ውስጥ ግን አላለቀም። ብር በቆጠርኩ ቁጥር «አንቺ ድሮም አትረቢም» ይለኛል። አንዱን እስር ሦስቴ እቆጥራለሁ፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ደንበኛ ያጉረመርማል፣ ድምፁ ይብስበታል። ጓደኛዬ «ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ ጎበዝ ነኝ በዪ» አለችኝ። ሞከርኩት። የዋሸሁ ነው የመሰለኝ።

የድሮ ካሸር፦ አይዞሽ እህቴ! 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስንቴ እንደጎደለብኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም፣ መቁጠር ሥራዬ ሆኖ። አንዴ በእጅ፣ አንዴ በማሽን ቁጠሪ፤ ከዚያ በኋላ አሳልፊ። ሦስተኛው ቆጠራ ለድምፁ «ልክ ነህ» እንደማለት ነው።

ሳይኮሎጂ የተማርኩ፦ መስታወቱ አለመሥራቱ አይግረምሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ዉድ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ካናዳ ውስጥ ይህንኑ አጥንታ ነበር። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይባስ ወረደ። ልብ ያላመነውን አፍ ቢደጋግመው ምን ዋጋ አለው?
ይልቅ ደብተር ያዢ። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ካስጀመሩት ሕክምና የመጣ ዘዴ ነው። ገጹን ለሦስት ክፈዪው፦ ምን ሆነ? ውስጤ ምን አለኝ? ማስረጃው ምንድነው? ማስረጃውን ስትጽፊ የሚደግፍሽንም የሚቃወምሽንም አስገቢ። ራስሽን ለማባበል ብለሽ አታድበስብሺ፤ ያኔ ተመልሰሽ መስታወቱ ጋ ነሽ።

የሰፈር ልጅ፦ ደብተር ለእኔ አልሆነልኝም። ሲብስብኝ በስሜ ጠርቼ ራሴን አናግራለሁ፣ ልክ ታናሽ ወንድሜን እንደማናግር። ታክሲ ውስጥ ግን በልብሽ ይሁን፣ ረዳቱ ጉድ ይላል።

ነርሷ፦ የኔ እናት፣ እንቅልፍሽና ምግብሽስ? እነሱ ከተበላሹ ወይም መኖር ካስጠላሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም አማክሪ። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣሉ።

ጠያቂዋ፦ እንቅልፌ ደህና ነው፣ ተመስገን። ትናንት ማታ ጻፍኩ። ወደ 190 ቀን ሒሳብ ዘግቻለሁ፤ የጎደለብኝ አንድ ቀን። ያን ቀን ደግሞ ምሳ ሳልበላ፣ እያወራሁ ነበር የቆጠርኩት። ይሄኛው እውነት ጥፋቴ ነው። ዛሬ ሁለቴ ብቻ ቆጥሬ አሳለፍኩ። የእጄ ላብ ግን!