ከበገናው ድምፅ ጋር የሚቀላቀል የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል በገና የማዳምጠው በሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ሄድፎን ነው። የሄድፎኑ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) ከፍተኛ፣ 300 ኦም በመሆኑና ስልኬ በሚገባ ስለማያንቀሳቅሰው፣ ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የሚገናኝና ከሶኬት ኃይል የሚወስድ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ይሁን እንጂ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ዝቅ ያለና የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል። የበገና ውበቱ በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣው ንዝረት ነውና፣ የትኛው የበገናው፣ የትኛው የመብራቱ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

ቻርጀሩን ስነቅል ጉምጉምታው ወዲያው ይጠፋል፤ የዩኤስቢውን ገመድ ስነቅልም እንዲሁ። ቻርጀሩንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ስሰካቸው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ባትሪው አርጅቶ ከ40 ደቂቃ በላይ ስለማይቆይ፣ ነቅሎ ማዳመጥ አላዋጣኝም። ከቆጣሪው መብራት አጥፍቼ የግድግዳውን ሶኬት ስፈታው ያገኘሁት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የቻርጀሩ መሰኪያ ባለ ሦስት እግር ቢሆንም የመሬት ሽቦ የለም።

በዚህ ሁኔታ አስቀድሜ ማድረግ ያለብኝ ለቤቱ የመሬት ሽቦ ማስገባት ነው ወይስ በላፕቶፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል የዩኤስቢ አይሶሌተር (ዳታውን እያሳለፈ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚለያይ መሣሪያ) መጠቀም?