«ሃይማኖት የለህም?» ስንል ምን እየጠየቅን ነው?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ሰሞኑን ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አንዱ ቀብድ ተቀብሎ ዕቃውን ለሌላ ሸጦታል። ገዥው «አንተ ሃይማኖት የለህም?» ብሎ ጮኸበት። ሻጩ ደግሞ ከጸሎት የማይቀር ሰው ነው፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። ታዲያ ገዥው ምን ማለቱ ነው? ሃይማኖት የሌለው ግብረ ገብም የለውም ነው የምንለው?

መልስ (ከደሴ)፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድምዓለም። ገዥው ስለ ሻጩ ጸሎት አልጠየቀም። «ቃልህ የት ገባ?» ነው ያለው። በአማርኛ እምነት ፈጣሪን ማመንም ነው፣ በሰው ዘንድ መታመንም ነው። አማኝና ታማኝ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 «እምነት ማጉደል» ሲል የሚቀጣው በአደራ የተሰጠውን የሰው ንብረት ለራሱ ያደረገውን ነው። ጾም የገደፈውን አይደለም። እዚህ ወሎ ሙስሊሞቻችን አደራን «አማና» ይላሉ፤ እሱም ከኢማን ጋር ሥሩ አንድ ነው። ቁርኣንም በአል-ሙእሚኑን ምዕራፍ የምእመናንን ጠባይ ሲዘረዝር አማናቸውንና ቃል ኪዳናቸውን ጠባቂዎች ይላቸዋል። እንግዲህ አባባሉ አማኝ ሁሉ ታማኝ ነው አይልም። አማኙን ራሱን ባለመታመኑ ይከሰዋል።

መልስ (ከወልዲያ)፦
እኔ በዚህ አልስማማም። «አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ» ስንል ሰማዩ ለጌጥ አልገባም። ሰው በሌለበት አደራውን የሚያስጠብቀው ማን ነው? ደግሞ ምስጋናችንን እዩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት እኔ መክፈል አልችልም፣ እሱ ይክፈልህ ማለት ነው። «ለነፍሱ ያለ» የምንለው ሰው አለ። ቋንቋችን ደግነትን ያለ ፈጣሪ አያውቀውም።

መልስ (ከደሴ)፦
እህቴ፣ ሰማዩ ለጌጥ አልገባም ያልሽው እውነት ነው። ብዙ ሰው አደራ የሚጠብቀው ፈጣሪን ፈርቶ ነው፤ ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ግን ክፉን ሰው ስንገልጸው «ፈጣሪን አይፈራ፣ ሰው አያፍር» እንላለን። ሉቃስ ወንጌል ላይ ያለው ዳኛም የተገለጸው እንዲሁ ነው። ልብ በይ፣ ፍርሃቱ ብቻውን አልበቃም፤ ማፈርም ተጨመረበት። ቅሬን፣ የእኛን የወሎ ዕድር፣ ውሰጂ። ለቀብር ሲጠራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወጣል። የቀረ ይቀጣል፣ ይታማል። ለዚህ የሟቹን ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። «አንጀቴ አልችል አለ» ስንል ፍርሃትም እፍረትም የለበትም። አንዲት ሴት የሰው ልጅ ሲራብ አይታ የራሷን እንጀራ ታካፍላለች። «ለምን ሰጠሽ?» በሏት። «አንጀቴ አልቻለም» ትላለች። ሰማይ ቤት ምን እንደሚጠብቃት አታነሳም። ጎረቤት ምን ይለኛል አትልም። አንጀት ያለው ደግሞ ሰው ሁሉ ነው፤ አማኙም የማያምነውም።

በወሎ ድግስ ያለውንም እዩት። ክርስቲያኑ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራና በጉንም ቢላዋውንም ያስረክበዋል። የሙስሊሞቹ ወጥ ለብቻው ይሠራል፣ ድስቱም አይነካካም። ባለቤቱ ያን ሥጋ አይበላም። በዚያ ሥርዓት አያምንም፣ ጽድቅም አያገኝበትም። የሚለፋው እንግዳው ሳይሳቀቅ በልቶ እንዲሄድ ነው። ያ ደግነት የሌላውን እምነት ያከብራል እንጂ ከዚያ እምነት አልመጣም።

የአቴናው ሶቅራጥስ ከ2,400 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ጠይቆ ነበር፤ መልካም ነገር መልካም የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ መልካም ስለሆነ ወደዱት? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ይህን ማለት ፈጣሪን መካድ አይደለም። ደግ የማያምን ሰው ሳይ «ውሸቱን ነው» እንድል ግን አያደርገኝም።

መልስ (ከወልዲያ)፦
የአንጀቱን ነገር እቀበላለሁ። ግን ያን አንጀት የሰጠው ማን ነው?

መልስ (ከደሴ)፦
እሱማ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ትልቅም ነው። የሰጠውን የማያውቅም ሰው ግን አንጀቱ ይላወሳል። እስቲ የላስታና የቦረና ሰዎች ደግሞ ጻፉልን፤ እናንተ ዘንድ ለምንዳ ሳይሆን ለሰው ብሎ የሚያደርግን ምን ትሉታላችሁ?