የሐምሌው የፖርትላንድ ጉዞ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ከቦስተን ወደ ሜይን ግዛቷ ፖርትላንድ ለምናደርገው የአንድ ቀን የቤተሰብ ጉዞ የመጀመሪያው ሐሳብ ይኸው። በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን እንደርሳለን። እ.ኤ.አ. በ1791 ሥራ የጀመረውን የመርከበኞች መብራት ማማ እናያለን፤ ወደቡ አካባቢ ምሳ በልተን በጀልባ ፒክስ ደሴት ደርሰን እንመለሳለን። ቀኑ ከሐምሌ 5 በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ያለ ቅዳሜ ቢሆን ጾመኛም አይቸገርም። የጎደለውን ሙሉበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ማማው ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ኬፕ ኤልዛቤት ነው። በባቡር ከሄድን እዚያ ደግሞ ሌላ መኪና ልንፈልግ ነው። ከዚሁ አውቶቡስ እንከራይ። ማማው ያለበት መናፈሻ ለመግቢያ አያስከፍልም፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው።

የእናቶች ተወካይ፦ አውቶቡሱ ይሁን፣ ልጆቼ። ምሳውን ግን ለእኛ ተዉት። አገሩ ሎብስተር በሚሉት የባሕር እንስሳ የታወቀ ነው ቢባልም እኛ ትልልቆቹ አንቀምሰውም። እንጀራውንም ወጡንም ይዘን መጥተን መናፈሻው ሣር ላይ ባሕሩን እያየን እንበላለን።

የወጣቶች ተወካይ፦ ልጆቹ ቤዝቦል ይፈልጋሉ። የሲ ዶግስ ቡድን የሚጫወትበት ሃድሎክ ሜዳ የግራ አጥሩ የእኛኑ የቦስተኑን የፌንዌይ ሜዳ አጥር አስመስሎ የተሠራ ነው።

ታክሲ ነጂ አባል፦ እኔን ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። በዚያች ከተማ፣ ኒውበሪ ጎዳና ላይ፣ የውጭ ሰዎች አገራችንን ይጠሩበት በነበረው ስም «አቢሲኒያን» የተባለ የጸሎትና የመሰብሰቢያ ቤት ቆሞ ሳለ በረቂቁ አንድ መስመር እንኳን አላገኘም። ነጻ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1828 ያቋቋሙት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስድስት ሰዎች በነጮች አብያተ ክርስቲያናት የሚደርስባቸውን መገፋት በጋዜጣ ደብዳቤ ተቃውመው ነበር። ከፈራሚዎቹ አንዱ ሩበን ሩቢ በሠረገላ ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር ሰው ነው። የእኔው ሥራ! ይህን ካነበብሁ ወዲህ መሪ በጨበጥሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን የሸሸገና ያሻገረ ጉባኤ ነው። በ1866 የተነሣው እሳት 1,800 ያህል ሕንፃ ሲበላ ይህ ቤት ተረፈ። በ1898 ደግሞ «ፖርትላንድ» የተባለችው መርከብ ማዕበል መትቷት ስትሰጥም ከሠራተኞቿ መካከል በርካታ የዚህ ጉባኤ ሰዎች ነበሩ፤ በሕይወት የወጣ የለም። ከቦስተን ተነሥታ ወደ ፖርትላንድ ስትሄድ ነው። እኛም የምንሄደው ወደዚያው ነው።

የእናቶች ተወካይ፦ ይህን ሁሉ ይዘህ እስካሁን ዝም አልህ? ከሁሉ በፊት እዚያ እንውረድ። የሰጠሙትንም ነፍስ ይማር እንበል።

የወጣቶች ተወካይ፦ እስማማለሁ፣ ቤዝቦሉ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ከዚያ ቤት ትንሽ በእግር ወጣ ሲባል መንጆይ ኮረብታ ላይ በ1807 የተሠራ የእንጨት ማማ አለ፤ ወደ ወደቡ የሚመጡ መርከቦች ከሩቅ ታይተው በባንዲራ ይነገርበት ነበር። ደረጃው ከ100 በላይ ስለሆነ ወጣቱ ይውጣ። እናቶችና ሕፃናት በባሕሩ ዳር በምትሄደው ትንሿ ባቡር ይሳፈሩ። የሐዲዷ ስፋት 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቤቱ በእድሳት ላይ የቆየ ስለሆነ ውስጡን ለማየት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእድሳቱም ከሣጥናችን ጥቂት ብንይዝ መልካም ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ይኸው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በአውቶቡስ መነሣት፤ መጀመሪያ አቢሲኒያን፣ ቀጥሎ የመንጆይ ኮረብታው ማማና ትንሿ ባቡር፣ ምሳ በመናፈሻው። ጀልባው ሰዓት ከተረፈን ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ እየቆጨኝ ነው የማስቀረው። ለእድሳት ኮሚቴው የሚላከውን ደብዳቤ እስከ ረቡዕ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ የሩቢን ታሪክ አውቶቡሱ ውስጥ ለልጆቹ እርስዎ ይንገሩልን።

ታክሲ ነጂ አባል፦ እነግራለሁ። በአማርኛ ጀምሬ ያልገባቸውን በእንግሊዝኛ እደግምላቸዋለሁ። የዚያን ቀን ግን መሪውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።