«ሎቢ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ደጅ ጥናት፣ ውትወታ ወይስ እጅ አዙር?

ጠያቂ፦ ኩባንያዎች በአየር ንብረት ፖሊሲ ላይ የሚያደርጉትን «ሎቢ»፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችንና ባለሥልጣናትን ለማግባባት የሚደረገውን ሥራ፣ ለባለአክሲዮኖቻቸው እንዲገልጹ የሚጠይቅ ሰነድ እየተረጎምኩ ነው። «ደጅ ጥናት» ብዬ ጀመርኩ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ሌላም አለ፤ ኩባንያው በአደባባይ «የካርቦን ግብርን (በበካይ ጋዝ ልቀት ላይ የሚጣለውን ግብር) እደግፋለሁ» እያለ አባል የሆነበት ማኅበር ግብሩን ሲታገል «በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» ይባላል ወይስ «በሁለት ቢላዋ መብላት»?

መልስ 1፦ የእንግሊዝኛው ቃል ሕግ አውጪዎችን ለማግኘት ከሚጠበቅበት አዳራሽ ስለመጣ «ደጅ ጥናት» ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ደጅ የሚጠና ሰው አቅም የሌለው ነው፤ ጌታው እስኪያየው ቆሞ ይጠብቃል። የነዳጅ ኩባንያ የሕግ ባለሙያ ቀጥሮ፣ የሚፈልገውን አንቀጽ አዘጋጅቶ ነው የሚቀርበው። እኔ «ውትወታ» እላለሁ። «ሎቢ» ብለህ ብትተወውም አንባቢ አይቸገርም።

መልስ 2፦ በውትወታ እስማማለሁ፤ ከ«ጉቦ» እና ከ«እጅ መንሻ» ጋር እንዳይደባለቅ ግን አደራ። ውትወታ በሕግ የተፈቀደ ሥራ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ወትዋቾች ተመዝግበው ያወጡትን ገንዘብና የወተወቱበትን ረቂቅ ሕግ ያሳውቃሉ። ረቂቁን ደግፈው ይሁን ተቃውመው ግን እንዲናገሩ ሕጉ አያስገድዳቸውም! ስለዚህ «ተመዝግቧል» ማለት «ግልጽ ነው» ማለት አይደለም፤ በትርጉምህ ሁለቱን ለይ።

መልስ 3፦ ወደ ፈሊጦቹ ልምጣ፤ ጥያቄው እዚያ ላይ ይከብዳልና። «ሁለት ምላስ» የሚባለው ያው ሰው እዚህ አንድ፣ እዚያ ሌላ ሲናገር ነው። «በሁለት ቢላዋ መብላት» ከንግግር ይልቅ ጥቅምን ይመለከታል፤ ከሁለቱም ወገን የሚቆርጥ ሰው ነው። በጠየቅኸው ጉዳይ ኩባንያው ራሱ አልተናገረም፤ ማኅበሩን አናገረ። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «በእጅ አዙር»።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና የመኪና ኩባንያዎችን አሰባስቦ፣ የበካይ ጋዝ ልቀትን ለመቀነስ የተደረሰውን የኪዮቶን ስምምነት ታግሏል። ቢፒ፣ ሼልና ፎርድ ተራ በተራ ወጡ፤ ጥምረቱም እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረሰ። የፈረንሳዩ ነዳጅ ኩባንያ ቶታል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የነዳጅና ጋዝ ኩባንያዎች ማኅበር የሆነውን የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩትን ሲለቅ፣ ማኅበሩ በአየር ንብረት ጉዳይ ላይ የያዘው አቋም ከራሱ ጋር አልሄድ እንዳለው በይፋ ተናግሯል። የማኅበሩን ድምፅ እንደ ራሱ ድምፅ ቆጥሮታል ማለት ነው። ሌሎቹም እንዲህ ቢያስቡ በወደድኩ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «በሁለት ቢላዋ» ክስ ነው፤ ሆን ተብሎ ተደረገ ይላል። ለጋዜጣ አስተያየት ይሆናል። የአስተዳደር ሰነድ ግን ቦርዱን የሚጠይቀው የማኅበሩ አቋም ከኩባንያው አቋም ጋር መግጠሙን እንዲመረምር፣ ካልገጠመም ምን እንዳደረገ እንዲናገር ነው። እዚያ ላይ «አለመጣጣም» በል።

ጠያቂ፦ ተመችቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከግማሽ በላይ የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ የሼቭሮን ባለአክሲዮኖች ድምፅ የሰጡለትን የውሳኔ ሐሳብ አሁን እየተረጎምኩ ነው፤ የኩባንያው ውትወታ የዓለም ሙቀት መጨመርን ለመግታት ከተደረሰው የፓሪስ ስምምነት ጋር መጣጣሙን የሚያሳይ ሪፖርት ይጠይቃል። «ለፓሪስ ተገዥ መሆን» ብዬው ነበር፤ «መጣጣም» ይሻላል። እዚህ «ግልጽነት» ልበል?

መልስ 2፦ ግልጽነት ጠባይ ነው፤ ማንም «አለኝ» ሊል ይችላል። ሪፖርት ማውጣት ግን ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ተብሎ የሚጣራ ድርጊት ነው። ግዴታ በሚጣልበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ይፋ ማድረግ» በል፤ «ግልጽነት»ን ለርዕሱ ተወው።