ደርቤ ስቆርጥ ካሬዎቹ እኩል አይወጡም
የምኖረው ፒያሳ ነው። ለእናቴ ከጥጥ ጨርቅ ካሬዎች የአልጋ ልብስ እየገጣጠምኩ ነው። የካሬው ጎን 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር በየጠርዙ ለስፌት ይገባል። ያለኝ የልብስ ሰፊ መቀስ፣ የብረት ማስመሪያና ጠመኔ ነው። ጨርቁን አጥቤ ተኩሻለሁ፤ ድሩን ተከትዬም አስምሬያለሁ። ሳልደርብ አንዱን ብቻ ስቆርጥ ልክ ይመጣል። አራት ደርቤ ስቆርጥ ግን፣ ስፒል ብወጋበትም እንኳ፣ የታችኛው እየተንሸራተተ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይለያል። አሥር ካሬ ሲሰፋ ልዩነቱ ተደማምሮ ማዕዘኖቹ አይገናኙም፤ የዚህ ሥራ ውበቱ ደግሞ ማዕዘኑ ነው! ወደ 400 ካሬ ስለሚያስፈልገኝ አንድ በአንድ መቁረጥ ይከብደኛል። ተሽከርካሪ ምላጭ ያለው መቁረጫ በአካባቢዬ አላገኘሁም። በመቀስ ደርቤ ስቆርጥ የታችኛው ጨርቅ እንዳይንሸራተት ምን ላድርግ?